ያረጋል ብዬ የሰየምኩት ጎተራ

ትከሻው አልታዘዝ ያለው ሰው ካለ ይህን ጽሑፍ ያንብበው፤ ማንበብ ካልቻለም ልጁን ያስነብበው። የጻፍኩት ለእሱ ነው። እኔ የተሳሳትኩትን እንዳይሳሳት፣ እኔ የታሰርኩትን እንዳይታሰር ብዬ ነው። እግረ መንገዴን ስለ አንድ ሰው የምለው አለኝ፤ እሱንም አልደብቅም። ሌሎች ከሕመም ሲነሡ በተስፋ ዳንን፣ በትዕግሥት ዳንን ይላሉ። እኔ የዳንኩት በቂም ነው። የንስሐ አባቴ ይህን ስናገር ይቆጣሉ፤ ይቆጡ እንጂ የሆነው ይኸው ነው።

አገሬ ከቡሬ ወረድ ብሎ፣ ፈጠም ወንዝ አጠገብ ነው። ወንዙ ከአንድ ገደል ሥር ሲደርስ ይተኛና ሰፊ ጥልቅ ውሃ ይሆናል። የሰፈራችን ጎረምሶች በበዓል ቀን ከቅዳሴ በኋላ እዚያ እንወርድ ነበር። ግዴታ የለበትም፣ ትርፍ የለበትም፤ ደስ ስለሚለን ብቻ ከወዲህ ወዲያ ማዶ እንዋኛለን። እናቴ «ዓሣ ነህ ወይስ ሰው?» ትለኝ ነበር። አግብቼ ልጅ ከወለድኩ በኋላም አልተውኩትም። ባለቤቴ የሻለም ጠጉሬ ረጥቦ ስታየኝ «ዛሬም ያችን ቅምጥህን አይተህ መጣህ?» ትላለች።

የውሃ ጓደኛዬ ያረጋል ይባላል። አብረን ነው ያደግነው። እሱም ጎበዝ ዋናተኛ ነበር፤ ግን ማዶ የሚደርሰው እኔ ቀድሜ ወጥቼ ድንጋይ ላይ ፀሐይ ስሞቅ ነው። አንድም ቀን አልቀደመኝም። ይስቃል፣ ውሃ ይረጨኛል፣ «የሚመጣው በዓል እንተያያለን» ይለኛል። ሳቁን አምኜው ነበር።

ሕመሙ የጀመረኝ ጣልያን ወደ እኛ አገር ሳይደርስ ነው። መጀመሪያ የታወቀኝ የጋቢዬን ጫፍ ወደ ኋላ ስወረውር ነው። ከቀኝ ትከሻዬ ጀርባ፣ ጠፍጣፋው አጥንት ካለበት፣ አንድ ነገር ቆንጠጥ አደረገኝ። ቀጥሎ ስዋኝ እጄን ከውሃ አውጥቼ ወደ ፊት ስዘረጋ ይጎረብጠኝ ጀመር። ሳርስ ጅራፍ ማንሣት አስጠላኝ። ያን ጊዜ ውሃውን ለተወሰነ ወቅት ብተወው ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። እኔ ግን «ሲፍታታ ይለቀኛል» ባይ ነበርኩ። እውነትም ዋናው ውስጥ ሆኜ ሰውነቴ ሲሞቅ ይለቀኛል፤ ቤቴ ገብቼ ስቀመጥ ግን ብሶበት ይመለሳል። ይህን ምልክት እወቁት። ሲሞቅ ለቆ ሲበርድ የሚመለስ የትከሻ ሕመም አርፈህ ተቀመጥ እያለህ ነው።

ለየሻለም አልነገርኳትም፤ ውሃውን ትከለክለኛለች ብዬ ፈራሁ። የነገርኩት ለያረጋል ብቻ ነው። ከውሃ ወጥተን ሳለ ጀርባዬን ሰጠሁትና «ከዚህ ላይ ይይዘኛል» አልኩት። በአውራ ጣቱ እየተጫነ ፈለገልኝ።

«እዚህ ጋ ነው?»

«ዝቅ በል። አዎ፣ እሷ ጋ። ኧረ ቀስ!»

«እኔ እንደሁ አልቀድምህ፤ ምን አስጨነቀህ?» አለና ሳቀ።

ከዚያ ጣልያን መጣ። ቡሬ ላይ ምሽግ ሠራ፣ ባንዲራውን ሰቀለ። ታላቅ ወንድሜ አያ አንለይ ጠመንጃቸውን ይዘው ዱር ገቡ። እናታችን አልጋ ይዛ ስለነበር እኔ ከእሷ ጋር ቀረሁ። ያረጋል ደግሞ ባንዳ ሆነ። የጣልያን ጠመንጃና ካፖርት ተቀበለ፣ ጣልያንኛም ለቃቅሞ «አስተርጓሚ ነኝ» ማለት ጀመረ። ገበያ ላይ ሲያየኝ ሰላምታ የሚሰጠኝ ከደስታው የተረፈችውን ያህል ነበር።

ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ወንዙ ገና ሳይጎድል፣ ጣልያኖቹ ፈጠም ላይ ድልድይ ሊሠሩ ተነሡ። ግንዱ ተቆርጦ ማዶ ተከምሯል፤ ገመድ ይዞ የሚሻገርና ግንዱን በውሃ ላይ እየጎተተ የሚመለስ ዋናተኛ ግን አጡ። አንድ ጠዋት ያረጋል ወታደሮች አስከትሎ ደጄ ቆመ።

«ዋናተኛ አምጣ ብለውኝ ካንተ የሚበልጥ አጣሁ» አለኝ።

«ያረጋል፣ ትከሻዬን ታውቀዋለህ።»

«አውቀዋለሁ እንጂ!»

ወንዙ ዳር ስንደርስ ገመዱን በግራ ትከሻዬ ላነግተው ስል ከእጄ ቀማኝ። በቀኝ በኩል አዞረውና ቋጠሮውን ያው በአውራ ጣቱ የተጫናት ቦታ ላይ አሳረፈው። ወደ ወታደሮቹ ዞሮ አንድ ነገር አላቸው። ለእኔም በአማርኛ «በዚህ በኩል ነው የሚበረታው አልኳቸው» አለኝ። ዓይኑን አየሁት። በየበዓሉ እየቀደምኩት ድንጋይ ላይ ፀሐይ የሞቅኩት ሁሉ እዚያ ተጠራቅሞ ቆይቷል።

ቀኑን ሙሉ ጎተትኩ። ልቁም ስል ሰደፍ አለ። ወደ ማምሻው ከቋጠሮው ሥር አንድ ነገር ጸጥ አለብኝ። ሕመሙ አልጨመረም፣ እንዲያውም ቀነሰ፤ ክንዴ ግን ከደረቴ በላይ አልነሣም አለ። ዋኝቼ መውጣት አቅቶኝ በገመዱ ጎትተው አወጡኝ። ያረጋል ከላይ ሆኖ አየኝና «ይኼ አለቀ፤ ነገ ሌላ እንፈልጋለን» አለ። ቤቴ ስደርስ እጀ ጠባቤን ማውለቅ አቅቶኝ የሻለም በመቀስ ቀዳ አወለቀችልኝ።

እናቴ ካልጋዋ ሆና «ምች ነው የመታው» አለች። ላብ ባለው ገላዬ ብርድ ስለገባ ነው ብላ ዳማከሴ አስጨምቃ አስሸተተችኝ። ዳማከሴ ለብዙ ነገር ደግ ነው፤ ለእኔ ክንድ ግን ሽታው ብቻ ነው የተረፈኝ።

ከዚያ ወጌሻ ፍለጋ ተነሣን። ዛሬ ፍኖተ ሰላም በምንላት በያኔዋ ወጀት አካባቢ ስመ ጥር ወጌሻ አሉ ተባለ። የሻለም ሕፃኑን አዝላ፣ እኔ ክንዴን በግራ እጄ ታቅፌ በእግራችን ሄድን። ደጃቸው ላይ የተሰባበረ ሰው ተኮልኩሏል፤ ከበቅሎ የወደቀ፣ ከግንድ የተላተመ፣ አንዱም በገመድ እንደ እኔ የተጎዳ። ተራዬ ሲደርስ ወጌሻው ጋቢዬን ሳያስወልቁ፣ ከፊት ለፊቴ ቁጭ ብለው፣ ትከሻዬን ከላይ ከላይ ዳበሱት።

«ወልቋል» አሉ።

የእኛ አገር ወንድ ጀርባውን ለሰው አይገልጥም። ለውሃና ለጓደኛው ካልሆነ በቀር ለማንም አይገልጥም። ወጌሻው አውልቅ ማለት ነውር መሰላቸው፣ እኔም ማውለቅ ነውር መሰለኝ። በዚህ በጨዋነታችን የተነሣ ሕመሙ ያለበትን ቦታ ማንም ሳያየው ክንዴን ይዘው ሳቡት። የጮኽኩትን ጩኸት የደምበጫ ገበያተኛ ሰምቶታል ብላ የሻለም እስካሁን ታሾፍብኛለች። ከዚያ ቅቤ ቀብተው፣ በቀርከሃ ስንጥር ደግፈው፣ ክንዴን ከደረቴ ጋር ጥፍር አድርገው አሰሩትና «እስከ ልደት እንዳትፈታው» አሉኝ።

አልፈታሁትም። ትእዛዝ አክባሪ ነኝ። ልደት ሲደርስ የተፈታው ክንድ ግን የእኔ አይመስልም ነበር፤ ቀጥኗል፣ ደርቋል፣ ጣቶቹ ቀዝቅዘዋል። የሻለም እሱን ስታጥብ ነው ጀርባዬን መጀመሪያ ልብ ብላ ያየችው። ድንገት እጇን አቆመች።

«አንተ፣ አጥንትህ ወደ ውጭ ወጥቷል እኮ! የማረሻ ጫፍ ይመስላል።»

«እብጠት ነው» አልኳት።

«እብጠትማ እጄን ሥሩ አያስገባም!» አለችና እውነትም ጣቶቿን ከአጥንቱና ከጎድኔ መካከል አስገባች። ሌላ ሰው የገዛ ገላዬ ውስጥ እጁን ሲያስገባ ሲሰማኝ ላብ አጠመቀኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርሃት ያዘኝ። አንድ እጅ ያለው ገበሬ ምን ይሆናል? ማን ያርስልኛል? ሁለተኛው ሐሳቤ ደግሞ ያረጋል ነው። እንዲህ ሆኜ ከቀረሁ የሠራው ሥራ አለቀለት፣ ተሳካለት ማለት ነው። ይህ ከመጀመሪያው ይልቅ ያንገበግበኝ ነበር።

ጠበልም ሄጃለሁ። ክንዴ አልተነሣም፤ ግን እዚያ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ጀርባዬን ሲያሳክከኝ በግድግዳ ስታሽ ሰሙና «ና ልከክልህ ልጄ፤ እኔ እንደሁ ምንህንም አላይ» አሉኝ። ያችን ማከክ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ። በዚያ ሁሉ ወራት ያለ ክፍያና ያለ ምክር የተደረገልኝ በጎ ነገር እሷ ነበረች።

ቀጥሎ ሰው የጣልያን ሐኪም ቤት ቡሬ ውስጥ ሕዝብ ያክማል አለን። ብዙ አመነታሁ። የሻለም «አኩርፈህ እጅ አይበቅልልህም» ስትለኝ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶችና ሕፃናት በሌላ ወገን ተሰልፈን ፀሐይ ሲቀቅለን ዋልን። ተራዬ ደርሶ ስገባ ከሐኪሙ ጎን ቆሞ የሚያስተረጉመው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያረጋል።

«እህ፣ ምንህን አመመህ?» አለኝ፤ የማያውቀኝ መስሎ።

«የምታውቀውን።»

ወደ ሐኪሙ ዞሮ ረዘም አድርጎ ተናገረ። ሐኪሙ ሳቀ። ሳይነካኝ፣ ጋቢዬን ሳያስከፍት፣ ከጠርሙስ ወፍራም ዘይት በጽዋ ቀድቶ አጠጣኝ። መድኃኒት ነው ብዬ ጨለጥኩት። የጉሎ ዘይት ነበር። ወደ ቤቴ ስመለስ በየቁጥቋጦው ሥር እየተቀመጥኩ፣ ሆዴን ይዤ ስንፈራገጥ ነው ያረጋል እንዴት እንደተረጎመልኝ የገባኝ። እኔ ትከሻዬን ማለቴ፣ እሱ ሆዱን ነው አለው። እዚያው ቁጥቋጦ ሥር ሆኜ ማልኩ። የማልኩትን አልጽፈውም፤ ከፊላችሁ ቀዳሽ ትሆናላችሁ።

ከዚህ በኋላ ወደ ሐኪም ቤት በእግሬ አልሄድም ብዬ ነበር። ነገር ግን ሕፃኑ ዓይኑ ማዠት ጀመረ። የሻለም «ልጁን ስይዝ ስንቅ የሚይዝልኝ አጣሁ» ብላ አስከተለችኝ። ከሴቶችና ከሕፃናት ሰልፍ ውስጥ፣ ብቸኛ ወንድ ሆኜ፣ ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ ተቀመጥኩ። በዚያ በኩል የምታክመው አንዲት የጣልያን መነኩሲት ነበረች፤ አጭር፣ ጥድፍድፍ የምትል፣ ቁጡ ሴት። ሕዝቡ ሲስተር ይላታል። ከገበያ የለቀመቻት አማርኛ ስለነበረቻት አስተርጓሚ አትፈልግም። የልጁን ዓይን አጥባ ቅባት ሰጠችንና «ሌላ!» ብላ ጮኸች።

የሻለም አልተነሣችም። ልጁን ለአጠገቧ ሴት አቀበለች፤ ወደ እኔ ዞረችና ጋቢዬን ከትከሻዬ ላይ ገፈፈችው። እጀ ጠባብ ማጥለቅ ካቃተኝ ቆይቶ ስለነበር ከጋቢው በታች ራቁቴን ነበርኩ። በዚያ ሁሉ ሴት ፊት! አንዷ «ኡ!» አለች፣ ሌላዋ ዓይኗን ሸፈነች። የየሻለምን እጅ ለመያዝ ብዞር ጀርባዬ ለሲስተር ተሰጠ።

«ቆይ!» አለች ሲስተር። «አትንቀሳቀስ።»

ከኋላዬ መጣች። እጄን ከግድግዳው ላይ አስደግፋ «ግፋ» አለችኝ። ስገፋ አጥንቱ ከጀርባዬ ተነሥቶ እንደ ወጣ የሻለም ነግራኛለች። ሲስተር መዳፏን ጫነችበትና አጥንቱን ከጎድኔ ጋር አጣብቃ ይዛ «አሁን አንሣ» አለች። ክንዴ ተነሣ። ከደረቴ አልፎ፣ ከአገጬ አልፎ ተነሣ። እጇን ስትለቅ ወደቀ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ሴቶቹም ራቁት መሆኔን ረስተው «እሰይ!» አሉ።

«ማን አሰረው?» ብላ ስትጠይቅ የሻለም ነገረቻት። ሲስተር በራሷ ቋንቋ አንድ ነገር አለች፤ ጸሎት አይመስልም ነበር። ከዚያ ቀስ እያለች አስረዳችኝ። ክንድ ብቻውን አይነሣም። ከኋላ ያለው ጠፍጣፋ አጥንት አብሮት ይንሸራተታል። አጥንቱን ከጎድን ጋር አጣብቆ የሚይዝ ጡንቻ አለ፤ ያንን ጡንቻ የሚያዝዘው ደግሞ ነርቭ የሚባል እንደ ክር የቀጠነ ሥር ነው። በአገሯ ባሕር ዳር ለጨዋታ የሚዋኙ ልጆች እጃቸውን አብዝተው ሲወረውሩ ጡንቻው ይደክምባቸውና ከትከሻቸው ጀርባ ይቆነጥጣቸዋል። የእኔም እንደዚያ ነበር የጀመረው፤ የደከመውን ገመዱ ጨፍልቆ ጨረሰው፤ እስራቱ ደግሞ አደረቀው። አልወለቀም ነበር።

«ይድናል?» አልኳት።

«ሥሩ ካልተቆረጠ፣ እንደ ችግኝ፣ ቀስ። አንተ ካልሠራህ ግን አይድንም። እኔ እጄን ሁልጊዜ ጀርባህ ላይ አላደርግም።»

ጣልያን ናትና ልጠላት ሞክሬያለሁ። ደንበኛ ጥረት አድርጌያለሁ። ግን ያረጋል እንዳያየኝ በጓሮ በር የምታስገባኝ፣ አንድ ቀን ስቀር በንጋታው የምትሰድበኝ ሰው ለመጥላት ጊዜ አትሰጥም።

ሥራው እንዲህ ነበር። በጀርባዬ ተኝቼ ክንዴን ወደ ጣራው ዘርግቼ መግፋት። ግድግዳ ፊት ቆሜ ጣቶቼን እንደ ሸረሪት ወደ ላይ ማራመድ። በኋላም ሁለት መዳፌን አስደግፌ፣ ክርኔን አጥፌ፣ ደረቴን አስጠግቼ መልሼ መግፋት፤ ስገፋም አጥንቱ ከጎድኔ እንዳይለቅ የሻለም ከኋላ ታያለች። ካየሁት የምመክራችሁ ይህ ነው፦ ከኋላ የሚያይ ሰው ይኑራችሁ። ቢያደክም ግድ የለም፤ እንደ ቢላ ከወጋ ግን አቁሙ።

ለዚህ የሚሆን ጠንካራ ግድግዳ ቤታችን አልነበረውም። ያለን ጓሮ የቆመው ጎተራ ነው፤ ጤፍ የሞላ፣ ጭቃ የተመረገ፣ ሆዱ ገፋ ያለ። የያረጋል ሆድም ካፖርቱን ከለበሰ ወዲህ እንደዚያው ገፋ ብሎ ነበርና ጎተራውን ያረጋል አልኩት። ጠዋት ስነሣ «ልሂድ ያረጋልን ልግፋው» እላለሁ። መዳፌን ሳሳርፍ ደረቱ ነው። ጣቶቼን ሳራምድ ወደ ጉሮሮው ነው። አንዳንድ ቀን ከክንዴ ምንም ሳይወጣ ሲቀር፣ ተስፋ ስቆርጥ፣ ያ የሐኪሙ ሳቅ ትዝ ይለኝና እንደገና እገፋለሁ። ትልቋ ልጄ እንግዳ ሲመጣ «አባዬ ያረጋልን እየገፋ ነው» ትላለች። የሻለም ደግሞ ጭቃው መሰንጠቁን አይታ «አንተ ሰውዬ፣ ቂምህን የምትወጣው በእኛ እህል ላይ ነው?» ብላ ጮኸችብኝ።

በአዝመራው ወቅት አያ አንለይ እህል ሸማች መስለው መጡ። ወሬው ዱር ድረስ ደርሷል። አልተቀመጡም።

«ከጣልያን ቤት ትመላለሳለህ አሉ።»

«እመላለሳለሁ አያ።»

«የሰበሩህ እነሱ፣ የሚጠግኑህ እነሱ! እኔስ ጓደኞቼን በምን ዓይኔ ልያቸው? ያባታችን ልጅ ከጠላት እጅ ዳነ ከሚባል ክንድህ ቢቀር ይሻል ነበር!»

«አያ፣ አንቱ ክንድ አለዎ። እኔ ልጄን አንሥቼ መሳም አቅቶኛል። ይመልሱልኝ፤ ለማን እንደማነሣው እኔ አውቃለሁ።»

ወደ በሩ አየት አደረጉና «ያን ባንዳ እኔ እገላግልሃለሁ፤ የገበያ መንገዱን አውቀዋለሁ» አሉኝ።

«እንዳይነኩብኝ!» ብዬ ጮኽኩ፤ ወንድሜ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። «በጥይት ከሄደማ ምኑን አወቀው? የእኔ ነው። ለእኔ ይተዉልኝ።»

 ከዚያ ልጄ የአያ አንለይን እጅ ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደቻቸውና ጎተራውን አስተዋወቀቻቸው። ሳቃቸውን ከቤት ሆኜ ሰማሁት። ስወጣ ከጋቢያቸው ሥር ደብቀው ያመጡትን ጠመንጃ አስደግፈው፣ ሁለት እጃቸውን ጭቃው ላይ አድርገው «እስቲ እኔም ትንሽ ልግፋው» ይላሉ።

ክንዴ የተመለሰው በጣም ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ ጠጉሬን ማበጠር ቻልኩ። ቀጥሎ ከአጥር ላይ የተሰጣ ልብስ አወረድኩ። ወደ ውሃ የተመለስኩት ሲስተር ፈቅዳ ነው፤ ያውም እስከ ደረቴ ገብቼ ውሃውን በመዳፌ ቀስ ብዬ እየገፋሁ እንጂ እንደ ቀድሞው እጄን እየወረወርኩ አልነበረም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ከወዲህ ወዲያ ማዶ ዋኝቼ ደረስኩ። ድንጋዩ ላይ ወጥቼ ስቀመጥ አጠገቤ ማንም አልነበረም፤ የምቀድመው ሰው አልነበረም። ደስታዬ ጎዶሎ ሆነብኝ። ገላዬ ድኖ ሳለ ሕመምተኛ መሆኔን ያን ቀን አወቅኩ።

ጣልያን ከቡሬ ለቆ ሲሄድ ያረጋልን አልወሰደውም። ካፖርቱን ጥሎ አጎቱ ቤት ተሸሸገ። የአያ አንለይ ጓደኞች ሊገድሉት ፈልገው ነበር፤ አያ «የወንድሜ ነው» ብለው ከለከሏቸው። ያረጋል ያን ሲሰማ ሽማግሌ ላከብኝ። መለስኳቸው። ደግመው መጡ፣ መለስኳቸው። በመጨረሻ የንስሐ አባቴ ራሳቸው መጥተው «ካልታረቅህ ሥጋ ወደሙ አትቀበልም» አሉኝ። «እሺ አባቴ» አልኩ። «ግን እንደ አገሩ ወግ ይሁን።»

በእኛ አገር ወግ በዳይ ዕርቅ ሲጠይቅ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ይመጣል። የተበደለው ሰው ይቅር ብሎ ድንጋዩን እስኪያነሣለት ድረስ ቀና አይልም። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ዛፉ ሥር፣ አገር ምድሩ ተሰበሰበ። ያረጋል በባዶ እግሩ፣ ባረጀ ጋቢ መጣ። ከስቷል። ድንጋዩን በግራ ትከሻው ተሸክሟል።

«ወደ ቀኝ ያዙርልኝ» አልኩ።

ሰብሳቢው ሽማግሌ ግራ ገባቸው። «ምን ልዩነት አለው ልጄ?»

«ለእሱና ለእኔ ልዩነት አለው፣ አባቴ።»

ያረጋል አዞረው። እኔም ተቀመጥኩ። ሽማግሌዎቹ ጠበቁ። ቆይተው «ተነሥና አንሣለት እንጂ» አሉኝ።

«እነሣለሁ አባቴ። ትንሽ ይታገሡኝ፤ ትከሻዬ ቀርፋፋ ነው።»

እያንዳንዱን ነገር አውቅ ነበር። መጀመሪያ የአንገቱ ሥር ይግላል። ከዚያ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፤ ሲያፍታታቸው አየሁ። ከዚያ ትንፋሹ ያጥራል፤ አጠረ። ከዚያ ከጋቢው ሥር ያ ጠፍጣፋ አጥንት መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ስንት ወር ሙሉ በገዛ ጀርባዬ የተማርኩትን ትምህርት ቁጭ ብዬ በሰው ጀርባ ላይ አነበብኩ። ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ መሬት ላይ ሲንጠባጠብ ደስ አለኝ። ደስ አላለኝም ብል ውሸት ነው።

«በድያለሁ» አለ ያረጋል፣ መሬት መሬት እያየ።

«ምን እንደበደልክ አገር ይስማህ።»

«ሕመምህን እያወቅሁ ገመዱን ጫንሁብህ። ቦታውን እያወቅሁ።» ድንጋዩን አስተካከለ። «ሐኪም ቤትም… ሆዱን ነው የሚያመው ብዬ ተረጎምሁ።»

ከሕዝቡ መሐል አንዱ ሳቁ አመለጠው፤ ወዲያው ሁሉም ሳቀ። ያረጋል ከድንጋዩ ይልቅ በሳቁ ጎበጠ። ያን ጊዜ ተነሣሁ። በቀኝ እጄ ብቻ ድንጋዩን ከትከሻው አነሣሁት፤ ክንዴን ዘርግቼ ከራሴ በላይ፣ ሕዝቡ ሁሉ እስኪያየው ድረስ፣ ይዤው ቆምኩ። አጥንቴ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። የሻለም ከሴቶቹ መሐል እልል አለች።

«ይቅር ለእግዜር» አልኩ።

ያረጋል ቀና ብሎ ክንዴን አየው። ዓይኑ ውስጥ የፈለግኩትን አገኘሁ። ሽማግሌዎቹ መረቁን፣ ጉልበቴን ስሞ ተነሣ፣ ድንጋዩን እንደያዝኩ በግራ እጄ አቀፍኩት።

«በል ድንጋዩን ጣለው ልጄ» አሉኝ ሰብሳቢው።

አልጣልኩትም። ቀኝ ትከሻዬ ላይ አድርጌ፣ ማንም ሳያግዘኝ፣ ቤቴ ድረስ ተሸክሜው ሄድኩ። ደጃፌ ላይ ቆፍሬ ቀበርኩትና መርገጫ አደረግኩት።

ታርቀናል፤ ያረጋል ዛሬ ጎረቤቴ ነው። በሠርግም በልቅሶም ይመጣል። ሲመጣ ማንም እንዲቀድመኝ አልፈቅድም፤ እኔ ራሴ ደጃፍ ድረስ ወጥቼ፣ ቀኝ እጄን ዘርግቼ፣ ደግፌ አስገባዋለሁ፤ መርገጫውን ሳይረግጥ እንዳያልፍ።